ካርታ በካርታ ላይ ሲወጣ፦ የይዞታ መደራረብን በፖስትጂአይኤስ መፈተሽ

ሀዋሳ ውስጥ ከመሬት መረጃ ጋር የሚሠራ ባለሙያ፣ በማዘጋጃ ቤትም ይሁን በግል የቅየሳ ቢሮ፣ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፦ «ይህ ካርታ ከሌላ ሰው ካርታ ጋር ይደራረባል ወይ?» የመረጃ ቋት የሚመልሰው ለተጠየቀው ብቻ ነው። እኛ «ይደራረባል» ስንል ግን ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ልንል እንችላለን። ሁለቱ አጥር ብቻ ይጋራሉ፤ ወይም ከመሬቱ ከፊሉን ይጋራሉ፤ ወይም አንዱ ሙሉ በሙሉ በሌላው ውስጥ ነው፤ ወይም ያው አንድ ቦታ ለሁለት ሰው ተመዝግቧል። የትኛውን እንደምንፈልግ ሳንለይ ትዕዛዝ ከጻፍን፣ ሰው ፍርድ ቤት የሚያቆመው የመጨረሻው ዓይነት ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ይህ መመሪያ እሱ እንዳያልፍ ነው።

የምጠቀመው ፖስትጂአይኤስን ነው። በፖስትግሬስ የመረጃ ቋት ላይ የሚጨመር ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አለ፤ ካርታ ከሚያሳየው ሶፍትዌር ከኪውጂአይኤስም ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የትዕዛዞቹን ስም እዚህ በአነባበባቸው አስቀምጫለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፏቸው በላቲን ፊደል ነው። የሠንጠረዥና የአምድ ስም ግን በራሳችን ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ ፖስትግሬስ ‹ይዞታ› የሚባል ሠንጠረዥና ‹ቅርጽ› የሚባል አምድ ይቀበላል። እኔ እንዲህ እንዲሆን እመክራለሁ፤ ኮምፒውተር የማይነካ የመሬት ባለሙያም ክዌሪውን (ለመረጃ ቋቱ የተጻፈውን ጥያቄ) አይቶ ምን እንደተጠየቀ ይገባዋልና።

መጀመሪያ ቁጥሮቹ የት እንደሚወድቁ እዩ

ሁለት ቅርጾች የሚነጻጸሩት በአንድ የኮኦርዲኔት ሥርዓት ሲቀመጡ ብቻ ነው። ሀዋሳ በዩቲኤም (ምድርን በዞን ከፍሎ በሜትር በሚለካው ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ስለምትገኝ፣ በሜትር ለመሥራት የሚመቸው መለያ ቁጥር 32637 ነው። ከጂፒኤስ በዲግሪ የሚመጣው 4326 ነው። በአሮጌ ካርታዎችና የቅየሳ ፋይሎች የምታገኙት ደግሞ አዲንዳን የተባለው ሥርዓት ነው፤ የእሱ ዞን 37 መለያው 20137 ነው።

ጥቂት ነጥቦች ከሠንጠረዡ አውጥታችሁ ቁጥሮቹን በዓይናችሁ ተመልከቱ። የሀዋሳ ነጥብ በሜትር ከተጻፈ ምሥራቁ 440 ሺህ አካባቢ፣ ሰሜኑ 780 ሺህ አካባቢ ይሆናል። በዲግሪ ከሆነ መጀመሪያ 38.4 ወይም 38.5፣ ቀጥሎ 7 አካባቢ ይመጣል፤ ፖስትጂአይኤስ የሚያስቀድመው ምሥራቁን ነው። አንዱ ሌየር (የካርታ ንብርብር) ተገልብጦ ከገባ ሀዋሳ ከአልጄሪያ በስተሰሜን፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ትወድቃለች። ክዌሪውም ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት «መደራረብ የለም» ይላል።

የሁለት ሌየሮች መለያ ቁጥር ከተለያየ ፖስትጂአይኤስ ራሱ ሥራውን አቁሞ ይነግራችኋል፤ ይህ አያሳስብም። የሚያሳስበው መለያው በስሕተት ሲለጠፍ ነው። በአዲንዳን የተቀየሰ ፋይል 32637 ተብሎ ቢገባ ምንም መልእክት አይመጣም፤ ይዞታዎቹ ግን በሀዋሳ አካባቢ ከ200 ሜትር በላይ ተንሸራትተው ይቀመጣሉ። ያኔ ሰፈሩ በሙሉ ከሌላ ሰፈር ጋር የተደራረበ ይመስላል። በርካታ ይዞታዎች በአንድ አቅጣጫና በእኩል ርቀት ሲዛነፉ ካያችሁ መሬቱን ከመጠርጠራችሁ በፊት ይህን ጠርጥሩ።

እዚህ ላይ ሁለት ትዕዛዞች በየጊዜው ይምታታሉ። ኤስቲ_ሴትኤስአርአይዲ የሚቀይረው መለያውን ብቻ ነው፤ ቁጥሮቹን አይነካም። ኤስቲ_ትራንስፎርም ደግሞ ቁጥሮቹን ራሳቸውን ወደ ሌላ ሥርዓት ያሰላል። መለያው የተሳሳተ ከሆነ በመጀመሪያው አስተካክሉት፣ ከዚያ በሁለተኛው ወደ 32637 ለውጡት። ከአዲንዳን መለወጡ የሜትሮች ልዩነት ሊያስከትል ስለሚችል፣ በወሰን ክርክር ላይ ከመጠቀማችሁ በፊት በሁለቱም ሥርዓት ኮኦርዲኔቱ በሚታወቅ የመሬት ነጥብ አመሳክሩ። ለውጡን አንድ ጊዜ ሠርታችሁ በአዲስ አምድ አስቀምጡት፤ በእያንዳንዱ ክዌሪ ውስጥ የምትጠሩት ከሆነ ፍለጋን የሚያፋጥነው ማውጫ፣ ማለትም ኢንዴክሱ፣ አያግዛችሁም።

በዲግሪ ስፋት ለማስላትም አትሞክሩ። ባለ 200 ካሬ ሜትር ይዞታ በ«ካሬ ዲግሪ» ሲሰላ ለማንም ትርጉም የማይሰጥ ኢምንት ቁጥር ይወጣል።

የተበላሹ ቅርጾችን ለዩ

ኤስቲ_ኢዝቫሊድ የትኛው ቅርጽ ጤነኛ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ኤስቲ_ኢዝቫሊድሪዝን ምክንያቱንና ቦታውን ይጨምራል። በይዞታ መረጃ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ብልሽት የማዕዘኖች ቅደም ተከተል መዛባት ነው። ቀያሹ አራቱን ማዕዘን በትክክል ለክቶ፣ ሲመዘገብ ግን ሦስተኛውና አራተኛው ቦታ ከተለዋወጡ፣ መስመሮቹ መሃል ላይ ይሻገሩና ሁለት ጫፍ ለጫፍ የተገናኙ ሦስት ማዕዘኖች ይወጣሉ። እንዲህ ባለ ቅርጽ ላይ የመደራረብ ፈተና ወይ ይቋረጣል ወይ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል።

ኤስቲ_ሜክቫሊድ የሚባል ጠጋኝ ትዕዛዝ አለ። ጠቃሚ ነው፤ ግን በጅምላ አትልቀቁት። ከላይ ያለውን ቅርጽ ብትሰጡት ሁለቱን ሦስት ማዕዘኖች እንደ ሁለት ቁራሽ አድርጎ «ጤነኛ» ያደርጋቸዋል። ኮምፒውተሩ ይረካል፤ የሰውዬው መሬት ግን አሁንም ያ አይደለም። የማዕዘን መሻገር የተገኘባቸውን ይዞታዎች ዝርዝር አውጥታችሁ ከቅየሳ ወረቀቱ ጋር አመሳክሩ፣ ቅደም ተከተሉንም በእጅ አርሙ። ጠጋኙን ለጥቃቅን ብልሽቶች ብቻ ተጠቀሙበት፤ ከጥገና በፊትና በኋላ ያለውን ስፋትም አወዳድሩ።

ኦቶካድ ከተባለው የንድፍ መሣያ ሶፍትዌር የመጣ ፋይል ከሆነ ደግሞ ያልተዘጋ መስመር ይበዛል፤ የመጨረሻው ነጥብ ከመጀመሪያው ጋር ካልገጠመ ፖሊጎን (ስፋት ያለው ዝግ ቅርጽ) አይሆንም። ይህን ከማስገባታችሁ በፊት እዚያው ኦቶካድ ላይ ዝጉት።

በአምስት ቁራሽ መሬት ሞክሩት

እውነተኛውን መረጃ ከመንካታችሁ በፊት መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁትን ትንሽ ሠንጠረዥ ሥሩ። ኤስቲ_ሜክኤንቨሎፕ አራት ቁጥርና መለያ ተቀብሎ አራት ማዕዘን ይሠራል። እነዚህን አምስት አስገቡ፦

ሀ፦ ከ0 እስከ 20 ሜትር ምሥራቅ፣ ከ0 እስከ 20 ሰሜን፤ 400 ካሬ።
ለ፦ ከ20 እስከ 40 ምሥራቅ፣ ከ0 እስከ 20 ሰሜን። የ«ሀ» ጎረቤት፣ በአንድ አጥር የሚዋሰን።
ሐ፦ ከ-10 እስከ 5 ምሥራቅ፣ ከ0 እስከ 20 ሰሜን። ወደ «ሀ» 5 ሜትር ገብቷል።
መ፦ ከ8 እስከ 14 በሁለቱም አቅጣጫ። 36 ካሬ፣ ሙሉ በሙሉ በ«ሀ» ውስጥ።
ሠ፦ ልክ እንደ «ሀ»፤ ያው መሬት በሌላ ስም።

አሁን «ሀ»ን ከአራቱ ጋር በሦስት ትዕዛዝ ፈትኑ። ኤስቲ_ኢንተርሴክትስ ለአራቱም «እውነት» ይላል፤ ጎረቤቱን «ለ»ንም ጨምሮ፤ ምክንያቱም አንድ ነጥብ መጋራት እንኳ ይበቃዋል። ኤስቲ_ተችስ ለ«ለ» ብቻ እውነት ይላል፤ ጠርዝ ለጠርዝ ከመነካካት ያለፈ የጋራ መሬት ስለሌላቸው ነው። ኤስቲ_ኦቨርላፕስ ደግሞ ለ«ሐ» ብቻ እውነት ይላል።

የመጨረሻውን መልስ ደግማችሁ እዩት። «መ» ሙሉ በሙሉ በሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ነው፤ «ሠ» ያው አንድ መሬት ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ነው። ለሁለቱም ኤስቲ_ኦቨርላፕስ «ሐሰት» ይላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ትዕዛዙ የተበየነው እንዲህ ነው። እውነት የሚለው ሁለቱ ቅርጾች አንድ ዓይነት ሲሆኑ፣ የጋራ ክፍላቸውም ያው ዓይነት ሲሆን፣ እያንዳንዳቸውም ከሌላው ውጭ የሚተርፍ ክፍል ሲኖራቸው ነው። ስለዚህ የመሬት ክርክር ለማግኘት ኤስቲ_ኦቨርላፕስን ብቻውን የተጠቀመ ሰው፣ ንፁህ የሚመስል ውጤት ይዞ ድርብ የወጡትን ካርታዎች በሙሉ ያሳልፋቸዋል። ኤስቲ_ኢንተርሴክትስን ብቻውን የተጠቀመ ደግሞ በየብሎኩ ያሉትን ጎረቤታሞች ሁሉ ይሰበስብና ዝርዝሩ የማይነበብ ይሆንበታል።

ዘጠኙ ሕዋሳት

መውጫው ከእነዚህ ትዕዛዞች ሁሉ በስተጀርባ ያለውን አሠራር መጠቀም ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማክስ ኤገንሆፈርና ኤሊዜዮ ክሌሜንቲኒ፣ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር፣ የቅርጾችን ግንኙነት በሠንጠረዥ የሚገልጽ ዘዴ ቀረጹ። እያንዳንዱ ቅርጽ ዓለምን በሦስት ይከፍላል፦ ውስጡ፣ ጠርዙና ውጭው። የአንዱ ሦስት ክፍል ከሌላው ሦስት ክፍል ጋር ሲገናኝ ዘጠኝ ሕዋስ ይሆናል። በየሕዋሱ የሚጻፈው የጋራው ነገር ዓይነት ነው፤ ምንም ከሌለ ኤፍ፣ ነጥብ ከሆነ 0፣ መስመር ከሆነ 1፣ ስፋት ያለው መሬት ከሆነ 2። ምንም ይሁን ግድ ለሌለን ሕዋስ ኮከብ እናደርጋለን።

የእኛ ጥያቄ በዚህ ቋንቋ አንድ ሕዋስ ብቻ ነው፤ የአንዱ ውስጥ ከሌላው ውስጥ ጋር መሬት ይጋራል ወይ? ስለዚህ የመጀመሪያው ሕዋስ 2፣ የቀሩት ስምንቱ ኮከብ ይሆናሉ። ይህን ለኤስቲ_ሪሌት ስትሰጡት «ሐ»ን፣ «መ»ን እና «ሠ»ን ይይዛል፤ ጎረቤቱን «ለ»ን ይለቃል። የፈለግነው ይህንኑ ነው።

የጋራውን ስፋት ለማወቅ ኤስቲ_ኢንተርሴክሽን የጋራውን ቅርጽ ይሰጣችኋል፤ ኤስቲ_ኤሪያ ይለካዋል። ለ«ሐ» 100፣ ለ«መ» 36፣ ለ«ሠ» 400 ካሬ መምጣት አለበት። ካልመጣ ወደፊት አትሂዱ።

ክዌሪው በሙሉ

በመጀመሪያ ኢንዴክስ፦

    ክሪኤት ኢንዴክስ ኦን ይዞታ ዩዚንግ ጂስት (ቅርጽ);
    አናላይዝ ይዞታ;

ቀጥሎ ፍተሻው፦

    ሴሌክት ሀ.መለያ, ለ.መለያ,
      ኤስቲ_ኤሪያ(ኤስቲ_ኢንተርሴክሽን(ሀ.ቅርጽ, ለ.ቅርጽ)) ኤዝ የጋራ_ስፋት
    ፍሮም ይዞታ ሀ
    ጆይን ይዞታ ለ
      ኦን ሀ.ቅርጽ && ለ.ቅርጽ
      ኤንድ ሀ.መለያ < ለ.መለያ
    ዌር ኤስቲ_ሪሌት(ሀ.ቅርጽ, ለ.ቅርጽ, '2********')
    ኦርደር ባይ የጋራ_ስፋት ዴስክ;

አንድ ሠንጠረዥ በሁለት ስም ተጠርቶ ከራሱ ጋር ይነጻጸራል፤ እዚህ ‹ሀ› እና ‹ለ› እነዚህ ስሞች እንጂ የሙከራው ቁራሾች አይደሉም፣ ‹መለያ›ም የይዞታው ቁጥር ነው እንጂ የኮኦርዲኔት ሥርዓቱ አይደለም። «ሀ.መለያ < ለ.መለያ» የሚለው መስመር ሁለት ነገር ይሠራል፦ ይዞታው ከራሱ ጋር እንዳይነጻጸር ያደርጋል፣ አንዱ ጥንድ ሁለት ጊዜ እንዳይመጣም ይከለክላል።

ሁለቱ && ምልክቶች የቅርጾቹን ዙሪያ ሣጥን ብቻ ያነጻጽራሉ። ሣጥኖቹ ካልተነካኩ በውስጣቸው ያሉት ቅርጾች ሊነካኩ አይችሉም፤ ስለዚህ አብዛኛው ጥንድ በኢንዴክሱ ብቻ ይወድቃል። ኤስቲ_ኢንተርሴክትስ ይህን ከውስጥ በራሱ ያደርጋል፤ ኤስቲ_ሪሌት ግን አያደርግም፤ ካልጻፋችሁለት እያንዳንዱን ጥንድ ይፈትሻል። 50 ሺህ ይዞታ ቢኖራችሁ ጥንዱ 1,249,975,000 ነው። ክዌሪውን ከመልቀቃችሁ በፊት ከፊቱ «ኤክስፕሌይን» ጽፋችሁ ኢንዴክሱን እየተጠቀመ መሆኑን አረጋግጡ። ሣጥን የመጀመሪያ ማጣሪያ ብቻ መሆኑንም አትርሱ፤ ከታቦር ተራራ ሥር በሰያፍ የተቀመጡ ሁለት ይዞታዎች ሣጥናቸው ተደራርቦ መሬታቸው ፈጽሞ ላይነካካ ይችላል።

ስንጥቁንና ክርክሩን ለዩ

በእውነተኛ መረጃ ላይ ይህን ስትለቁ ዝርዝሩ ከጠበቃችሁት በላይ ይረዝማል። አብዛኛው የመሬት ችግር አይደለም፤ ሁለት ሰዎች አንዱን አጥር በተለያየ ጊዜ ሲስሉት የተፈጠረ የሴንቲሜትሮች ልዩነት ነው። ብዙዎች ይህን የሚያጠሩት «ከ2 ካሬ በታች የሆነውን ተው» በማለት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። 40 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር ላይ የ5 ሴንቲሜትር ልዩነት 2 ካሬ ይሆናል፤ ይህ የስዕል ስሕተት ነው። በማዕዘን በኩል 1 ሜትር ከ40 በ1 ሜትር ከ40 የገባ ግንብም 2 ካሬ አይሞላም፤ እሱ ግን ሰው ቤቱን የሠራበት መሬት ነው።

የሚለየው ወርዱ ነው። የጋራውን ቅርጽ በኤስቲ_በፈር በአሉታዊ ቁጥር ወደ ውስጥ አጥቡት፤ 0.1 ሲቀነስ ብትሰጡት ከየጎኑ 10 ሴንቲሜትር ይበላል። ከዚያ ኤስቲ_ኢዝኤምፕቲ ባዶ ነው ካለ፣ ወርዱ የትም ቦታ ከ20 ሴንቲሜትር አይበልጥም ማለት ነው። ከተረፈ ለመስክ ሥራ ይመዝገብ። ቁጥሩን የምትወስኑት ቅየሳው በተሠራበት መሣሪያ ነው፤ በእጅ ጂፒኤስ የተወሰደ ነጥብ ሜትሮች ሊስት ስለሚችል 10 ሴንቲሜትር ትርጉም የለውም፤ በአርቲኬ (እስከ ሴንቲሜትር በሚለካ የጂፒኤስ ቅየሳ) የተቀየሰ ብሎክ ላይ ግን በቂ ነው። ስለዚህ የቅየሳውን ዓይነት የሚይዝ አምድ በሠንጠረዡ ላይ ቢኖር ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

አጥርን ለማስማማት ብላችሁ ኮኦርዲኔቶቹን በጅምላ አታጠጋጉ። የጎረቤትን አጥር በትዕዛዝ ማንቀሳቀስ የባለሙያ ውሳኔ እንጂ የጽዳት ሥራ አይደለም።

ከሌሎች ሌየሮች ጋር

ሁለት የተለያዩ ሠንጠረዦች ስታነጻጽሩ የ«<» መስመሩን አውጡት። ይህ በተለይ ወደ ሀዌላ ቱላ አቅጣጫ ይጠቅማል፤ የገጠር ይዞታ የነበረ መሬት ወደ ከተማ ሲጠቃለል፣ የገጠሩ የይዞታ ማረጋገጫና የከተማው ብሎክ በሁለት የተለያዩ መዝገቦች ሊቀመጡ ይችላሉ። እያንዳንዱ መዝገብ ለብቻው ሲፈተሽ ንፁህ ነው፤ መደራረቡ የሚታየው ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ ነው።

ኤስቲ_ኦቨርላፕስ ቦታውን የሚያገኘው በክፍለ ከተማ ወሰን ላይ ነው። ከፊሉ በታቦር፣ ከፊሉ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ የተሳለ ይዞታ ካለ፣ ይዞታውም ክፍለ ከተማውም ከሌላው ውጭ የሚተርፍ ክፍል አላቸው፤ ትዕዛዙ በትክክል የሚይዘው ይህን ነው።

የውኃ መስመር ወይም መንገድ በመስመር የተሳለ ከሆነ ከይዞታ ጋር በኤስቲ_ኦቨርላፕስ መፈተሽ ሁልጊዜ ሐሰት ይሰጣል፤ አንዱ መስመር ሌላው ፖሊጎን ነውና። እዚህ ኤስቲ_ኢንተርሴክትስን ተጠቀሙ፣ በግቢው ውስጥ የሚያልፈውን ርዝመት ደግሞ የጋራውን ቅርጽ በኤስቲ_ሌንግዝ በመለካት አግኙ። ነጥብን፣ ለምሳሌ የመብራት ምሰሶን፣ ከይዞታ ጋር ስታያይዙ ኤስቲ_ኮንቴይንስ ልክ ጠርዝ ላይ ያረፈውን አይቆጥርም፤ ኤስቲ_ከቨርስ ይቆጥራል።

ሐይቁ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሀዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ስለዚህ የውኃው ከፍታ ይወጣል ይወርዳል፣ ዳርቻውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። «ይህ ይዞታ ከሐይቁ ጋር ይነካካል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ዳርቻው በተሳለበት ቀን ይወሰናል። የዳርቻውን ሌየር ያለ ቀን አታስቀምጡ፤ አዲስ ሲመጣ አሮጌውን አትሰርዙ። ከዳርቻው በተወሰነ ሜትር ውስጥ ያሉትን ይዞታዎች ለማግኘትም ሐይቁን በኤስቲ_በፈር አስፍታችሁ ከመፈተሽ ኤስቲ_ዲዊዚን ይሻላል፤ ኢንዴክስ ይጠቀማል፣ ርቀቱንም በትክክል ይለካል።

አዲስ መደራረብ እንዳይገባ

ያለውን ካጸዳችሁ በኋላ በሠንጠረዡ ላይ ትሪገር (መረጃ ሲገባ ወይም ሲቀየር በራሱ የሚነሳ ትዕዛዝ) አኑሩ፤ አዲስ ይዞታ ሲገባ ወይም ወሰን ሲቀየር ከላይ ያለውን የዘጠኝ ሕዋስ ፈተና ከነወርዱ ማጣሪያ እንዲያደርግ። የፖስትግሬስ ኤክስክሉዥን ኮንስትሬይንት (የሚጋጩ ረድፎች አብረው እንዳይገቡ የሚከለክል ደንብ) በ&& ብቻ ቢሠራ የሚመለከተው ሣጥኖቹን ስለሆነ ጤነኛ ጎረቤቶችን ይከለክላል፤ ለዚህ አይሆንም።

ትሪገሩ ምዝገባውን እንዲመልስ ሳይሆን፣ ሁለቱንም ይዞታዎች በሌላ ሠንጠረዥ ላይ ከነጋራ ስፋታቸው መዝግቦ «ይጣራ» እንዲል አድርጉት። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ መብትን፣ ክልከላንና ኃላፊነትን በመዝገብ የማረጋገጥ ሥራ ነው፤ ክዌሪው መሬት መጋራታቸውን ያሳያል እንጂ የማን እንደሆነ አያውቅም። ቀድሞ የገባው ስሕተት፣ ዛሬ የመጣው ደግሞ ትክክለኛው ሊሆን ይችላል። በመጣሪያው ሠንጠረዥ ላይ የሁለቱን መለያ፣ የጋራውን ቅርጽ፣ ስፋቱን፣ የሁለቱን የቅየሳ ቀንና መሣሪያ፣ የመስክ ቡድኑን ውሳኔ የሚይዙ አምዶች አኑሩ፤ የጋራውን ቅርጽም በኪውጂአይኤስ በደማቅ ቀለም አሳይታችሁ ለቀያሹ አትሙለት፤ ሜዳ ላይ ሲቆም የሚፈልገው እሱን ነው።